ያልታመሙትን መቁጠር

የታመመ ሰው ራሱ ይመጣል። ልጇ ያተኮሰባት እናት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ የልጁ ስም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያልታመመው ልጅ ግን የትም አይጻፍም። ሲሯሯጥ ይውላል፣ ማታ ይተኛል፣ በቃ። ክትባት መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጉናል። ስንት ሰው ታመመ ከማለታችን በፊት ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ ማወቅ አለብን።

የባዮስታቲስቲክስ፣ ማለትም የጤና መረጃን በቁጥር የመመርመር ሙያ፣ ባለሙያ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በተላላፊ በሽታዎችና በክትባት ጥናቶች ላይ ነው። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መደመርና መቀነስ ይመስለዋል። እሱም አለ። ስታታና አር የተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች የዕለት እንጀራዬ ናቸው። የሙያው ክብደት ያለው ግን ያንን የትም ያልተጻፈ ጤነኛ ሰው ፈልጎ ማግኘቱ ላይ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። እንደዚህ ያለ የከተማ ዳርቻ ደግሞ ይህን ሥራ እጅግ ከባድ ያደርገዋል።

ሥራ የጀመርኩት በሳንባ ነቀርሳ ጥናት ውስጥ፣ ዳታ በማጽዳት ነበር። የተሞላውን መጠይቅ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ ዕድሜውና የትውልድ ዘመኑ የማይገጥም ሰው ሲገኝ መረጃውን ለሰበሰበው ልጅ ደውሎ መጠየቅ። ያኔ ቢሯችን ዘነበወርቅ አካባቢ ስለነበር በየቀኑ በአለርት ሆስፒታል ግቢ በኩል አልፍ ነበር። ያ ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከከተማው ወጣ ብለው የሰፈሩበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ግቢ ውስጥ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ስያሜው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ከተማው ገፍቶ ያስወጣቸውን ሰዎች ምርምሩ ተከትሏቸው ሄደ ማለት ነው። በኋላ ከተማው አድጎ ደረሰባቸው። ዛሬ አለርትን የከተማ ዳር የሚለው ሰው የለም። ዳሩ ሌላ ቦታ ሄዷል።

የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱን ቢሲጂን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክንዳችን ላይ ያለችው ጠባሳ የእሱ ናት። ለሰው መጀመሪያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ፓሪስ ውስጥ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በታዳጊዎች ላይ ሞክራው ከአሥር ታማሚ ስምንት የሚጠጋውን አስቀረ። በደቡብ ሕንድ ቺንግልፑት በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ሙከራ ግን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ተካቶበትም አዋቂዎችን ከሳንባ ቲቢ የመከላከል ጥቅም አላሳየም። ሕፃናትን ወደ አንጎል ከሚሄደውና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ ቲቢ ስለሚከላከል ዛሬም ልጅ ሲወለድ ይሰጣል። ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ መላ ምት በሞቃት አገሮች አፈርና ውኃ ውስጥ ያሉ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎች ሰውነትን ቀድመው ስለሚያለማምዱት ክትባቱ የሚጨምረው ነገር ያንሳል ይላል። ክርክሩ አላለቀም። እነዚህን ሁለት ውጤቶች ጎን ለጎን ካነበብኩ ወዲህ ግን አንድ ክትባት ይሠራል ሲባል ወዲያው የምጠይቀው የት አገር፣ በማን ላይ የሚለውን ነው። አውሮፓ ተለክቶ የመጣ ቁጥር ለእኛ ልጆች ይበቃል ብሎ መቀመጥ አይቻልም። እዚሁ መለካት አለበት።

መለካት ሲባል ምን ያህል ሰው እንደሚጠይቅ በደንብ የገባኝ የፖሊዮ ክትባትን ታሪክ ሳጠና ነው። የጆናስ ሳልክ ክትባት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 ተሞከረ። ፖሊዮ ወላጆችን ሁሉ እንቅልፍ ይንሳ እንጂ በሽታው የሚይዘው በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 50 ያህሉን ነበር። አንድ ሺህ ልጅ ከትቦ ካልተከተቡ አንድ ሺህ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግርም። በሁለቱም ወገን አንድም ልጅ ላይታመም ይችላል። ስለዚህ በዕጣ እየተለየ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ክትባቱን ተወጉ። ሌሎች ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ደግሞ ፕላሴቦ የምንለውን፣ ክትባት የሚመስል ግን ክትባት የሌለበትን መርፌ ተወጉ። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሙም ወላጁም አያውቅም። በመጨረሻ ክትባቱን ካገኙት 33 ልጆች፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 115 ልጆች ሽባ ሆኑ።

እስቲ ቁጥሩን እዩት። 400 ሺህ ልጅ ተመዝግቦና ክትትል ተደርጎለት ሽባ የሆኑት 148 ናቸው። የቀሩት ሁሉ ምንም አልሆኑም። ግን የቀሩት ባይቆጠሩ ኖሮ የ148ቱ ሕመም ከሐዘን በቀር ምንም ባላስተማረን ነበር። 33 ከ115 ያንሳል ለማለት መብት የሰጠን የጤነኞቹ ዝርዝር ነው። ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስላት፣ ዕጣውን ማውጣት፣ ማን ምን እንደተወጋ የሚያሳየውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ማቆየት የእኛ የስታቲስቲክስ ሰዎች ኃላፊነት ነው። በእኔ እምነት ከሥራችን ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ትንተናው ቀጥሎ ይመጣል።

በኮሮና ጊዜ ይህ ነገር የሰፈር ወሬ ሆነ። አገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲሆን ክትባቱ ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 በእኛው ዳርቻ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። 95 በመቶ የሚለው ቁጥር በየታክሲው ይወራ ነበር። ብዙ ሰው ከ100 ተከታቢ አምስቱ ይታመማሉ ማለት መስሎት ነበር። እንዲያ አይደለም። በፋይዘር ሙከራ ወደ 43 ሺህ ሰው ተሳተፈ። የታመሙት 170 ነበሩ፤ 162ቱ ከፕላሴቦ ወገን፣ 8ቱ ከክትባት ወገን። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ስለነበሩ ስሌቱ ቀላል ነው። 8 ለ162 ሲካፈል 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሳይከተቡ ይመጣ ከነበረው ሕመም 95 በመቶው ቀረ ማለት ነው። የታመሙት ስምንቱ ከ100 ሰው ሳይሆን ከ20 ሺህ ገደማ ተከታቢ የወጡ ናቸው።

ከዚህ የባሰ የሚያደናግረው የኩፍኝ ጉዳይ ነው። ወረርሽኝ ሲነሳ በሰፈር የሚወራውን ታውቃላችሁ። አንዲት ጎረቤቴ ብሎካችን በር ላይ አስቆመችኝና «ከታመሙት ልጆች የሚበልጡት የተከተቡት ናቸው አሉ። ታዲያ ክትባቱ ምን ሠራ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከልብ ነበር። ትንሽ ልጅ አላት። ቁጭ ብለን በወረቀት ሠራነው። 200 ልጆች ያሉበት ሰፈር እናስብ። 180ው ተከትበዋል፣ 20ው አልተከተቡም። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው አንድ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። ኩፍኝ ሲገባ ማንንም አይምርም፤ ያልተከተቡት 20ውም ታመሙ እንበል። ከተከተቡት 180 ክትባቱ ያልያዘላቸው 15 በመቶው፣ ማለትም 27 ልጆች ታመሙ። ጤና ጣቢያ የመጡት 47 ናቸው፣ 27ቱ የተከተቡ። ወረፋው ላይ ቆሞ ለሚያይ ክትባቱ የከሸፈ ይመስላል። ቤታቸው የቀሩትን ስንቆጥር ግን ከተከተቡት 153ቱ ደህና ናቸው፣ ካልተከተቡት ደህና የሆነ አንድም የለም። «እነዚያን 153ቱን ማንም አያወራቸውማ» አለች። ልጇ 15 ወር ሞልቶት ስለነበር ሁለተኛውን ክትባት በዚያው ሳምንት አስከተበችው።

አገራችን አንድም ታማሚ አለመኖሩን ለማረጋገጥ የተደከመውን ድካም ስንቶቻችን እናውቃለን? ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ እኛ ጋ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1968 ኦጋዴን ውስጥ ነበር። ዘመቻው ሰውን ሁሉ ከመክተብ ይልቅ ታማሚውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መክተብ ላይ አተኮረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እኔን ይበልጥ ያስደንቀኛል። አንድም ታማሚ ሳይኖር ቢያንስ ሁለት ዓመት ፍለጋው መቀጠል ነበረበት። ታማሚ አልመጣም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለማ። በየመንደሩ እየሄዱ፣ የበሽታውን ሥዕል እያሳዩ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል ወይ እያሉ መጠየቅ ግድ ነበር። በጤነኛ ሰዎች መካከል ተራራና በረሃ እያቋረጡ የለም የሚል መልስ መሰብሰብ ማለት ነው። ያንን ያደረጉ ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸው አይታወቅም። ለእኔ ግን የሙያዬ አባቶች እነሱ ናቸው።

ወደ ዳርቻችን ልመለስ።

የክትባት ሽፋን የሚሰላው የተከተቡትን ልጆች መከተብ ለሚገባቸው ልጆች በማካፈል ነው። የላይኛው ቁጥር ከጤና ጣቢያ መዝገብ ይመጣል። የታችኛው፣ እኛ ዲኖሚኔተር የምንለው፣ ከሕዝብ ቁጥር ትንበያ ይመጣል። ትንበያው የቆመው በመጨረሻው ቆጠራ ላይ ነው፤ እሱም የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ይህ አሁን የምኖርበት ሰፈር እርሻ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ በብሎክ በብሎክ ተደርድሯል። ትንበያው በመቶኛ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አንድ የስንዴ ማሳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማ እንደሚሆን አያውቅም።

ውጤቱ በየሪፖርቱ ይታያል። ሽፋኑ ከ100 በመቶ በላይ የሆነ ወረዳ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ሰው ሲያየው የተዋሸ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ውሸት የለበትም። መርፌውን የያዘችው ሲስተር በትክክል ነው የመዘገበችው። ግን አንዲት እናት የምትኖረው አሁን ሸገር ከተማ በሚባለው ክልል ሆኖ ልጇን የምታስከትበው በአዲስ አበባ በኩል ባለው፣ ለታክሲ በሚቀርባት ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ልጇ ላይኛው ቁጥር ላይ እዚህ ይገባል፣ ታችኛው ቁጥር ላይ እዚያ። አንዱ ወረዳ ከመቶ በላይ ሲሆን ሌላው ሰነፍ ይመስላል። ሁለቱም ቁጥሮች ስለ ልጆቹ ትክክለኛውን አይነግሩንም። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ 110 በመቶ የሚል ሪፖርት ያለው ወረዳ ውስጥ ያልተከተበ ልጅ አለ ብሎ የሚፈልግ ሰው አይላክም።

ለዚህ ነው ቤት ለቤት ጥናት የሚያስፈልገው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ካላቸው ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። አዲስ አበባ 89 በመቶ፣ አፋር 15 በመቶ። የአዲስ አበባው ቁጥር ያስደስታል። ግን አማካይ ነው። ከፒያሳ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ይዟል።

ቤት ለቤት ስንል ደግሞ የትኛው ቤት የሚለው ይመጣል። ለብዙ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የተሠራበት ዘዴ 30 መንደር በዕጣ መርጦ ከእያንዳንዱ 7 ልጅ ማየት ነበር። የመጀመሪያውን ቤት ለመምረጥ መንደሩ መሀል ቆሞ ጠርሙስ ወይም እስክሪብቶ ማሽከርከር፣ ጫፉ ወደጠቆመበት መሄድ። ለገጠር መንደር ጥሩ መላ ነበር። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ግን እስክሪብቶ ወደ አራተኛ ፎቅ አይጠቁምም። አሁን ቤቶቹን ሁሉ አስቀድመን እንመዘግባለን፣ ከዝርዝሩ ዕጣ እናወጣለን። ዝርዝሩ ካልተሟላ ዕጣው ምንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን ዋጋ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹና ከሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ወጣሁ። ካርታችን ላይ ባዶ ተብሎ የተተወ አንድ ረድፍ ነበር፤ ግንባታቸው ያላለቀ ሕንፃዎች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ሲስተር፣ ቀድማኝ ገባች። ምድር ቤቱ ውስጥ በሸራና በቆርቆሮ ከተከለለች ክፍል ጭስ ይወጣል። የሕንፃው ዘበኛ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያ ይኖራል። አጠገቡም እንዲሁ። የቀን ሠራተኞች፣ ከገጠር የመጡ ባልና ሚስት፣ አንዲት አራስ።

«ስንቶቹን ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ዝርዝሬ ውስጥ ግን የሉም። የቤት ቁጥር የላቸውማ።»

የዘበኛው ሚስት ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ካርድ አለው ወይ አልናት። «ካርዱ ከበፊቱ ሕንፃ ስንወጣ ጠፋ፣ እትዬ» አለችኝ። ሕንፃው ሲያልቅ ዘበኛው ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ቤተሰቡም አብሮት። መቼ ተወለደ? «የጥምቀት ማግስት። ሚካኤል ሲገባ።» ጥር 12 ማለት ነው። መጠይቃችን ላይ የበዓላት ቀን መቁጠሪያ የምናያይዘው ለዚህ ነው። ከሆስፒታል ወረቀት እኩል ነው የማምነው። ጭኑ ላይ ስንት ጊዜ ተወጋ? «ሁለቴ። የአፍ ጠብታም ወስዷል። ከዚያ ወደዚህ መጣን።» ሦስተኛው ዙር በ14ኛው ሳምንት ነበር፣ አልፎታል። የኩፍኙ ደግሞ ጥቅምት ላይ ይደርሳል። ሲስተር ሰኞ እንድታመጣው ነገረቻትና ስልኳን በልጁ አባት ስልክ ላይ ጻፈችለት።

በጥናቱ ደንብ ይህ ልጅ የለም። ሕንፃው ባዶ ተብሏልና ዕጣ ውስጥ አይገባም። የእኛ ስሌት ትክክል ሆኖ፣ ሶፍትዌሩ ሳይሳሳት፣ የሰፈሩ ሽፋን ከፍ ብሎ ይወጣል። ከፍ ያለውም የተዘለሉት ልጆች ያልተከተቡት ስለሆኑ ነው። ይህን የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አድልዎ ይለዋል። እኔ ያን ቀን ያየሁት ግን ቀጥሎ ኩፍኝ የሚነሳበትን ቦታ ነው። ኩፍኝን ለማቆም ከ100 ሰው 95ቱ በሽታውን መቋቋም መቻል አለባቸው። የቀሩት አምስቱ በከተማው ተበታትነው ቢኖሩ አንድ ነገር ነው። አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበው ከሆነ ግን ሌላ ነው።

ወደፊት ደግሞ ይከብዳል። ለልጆች ቢያንስ ልደት አለ፣ የወሊድ መዝገብ አለ፣ እናቲቱን የምታውቅ ሲስተር አለች። ኤም 72 የተባለው አዲስ የቲቢ ክትባት የሚሞከረው ግን በታዳጊዎችና በአዋቂዎች ላይ ነው። ቀደም ባለ ጥናት በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ ባክቴሪያውን ይዘው ሕመም ያልጀመራቸውን አዋቂዎች በግማሽ ያህል ተከላክሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ 20 ሺህ ሰው የሚያካትት የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ተጀምሯል። ውጤቱን በጉጉት እጠብቃለሁ፤ ሥራ የጀመርኩት በዚህ በሽታ ነውና። ቢሳካ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቀዳሚዎቹ በጠባብ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። አዋቂ ሰው ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር የሚናገር ዝርዝር በዚህ ዳርቻ የለም። አሁን ካልጀመርነው ክትባቱ ቀድሞን ይመጣል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የጥናቱ ደንብ፣ እንዲሻሻል ጠየቅኩ። ቀላል አልነበረም። የቤት ምዝገባው ቀን ይጨምራል፣ ገንዘብ ይጨምራል፣ ምሽት ላይ መሄድ ይጠይቃል፤ የቀን ሠራተኛ ቀን ቤቱ አይገኝምና። መጠይቁም በአፋን ኦሮሞ መዘጋጀት ነበረበት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እነዚህ ሰዎች በወሩ ሌላ ቦታ ስለሚሄዱ ክትትል ላይ ይጠፉብናል ብሎ ተከራከረኝ። ስጋቱ ትክክል ነው። ያልኩት፣ ይጥፉብን፤ ከጠፉ ስንት እንደጠፉብን እናውቃለን፣ ካልመዘገብናቸው ግን እሱንም አናውቅም ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሻሻያውን አጽድቆታል። አሁን በጥናታችን ውስጥ መኖሪያ ቤት ተብሎ የሚመዘገበው ሰው ያደረበት ማንኛውም ክፍል ነው፣ የቤት ቁጥር ቢኖረውም ባይኖረውም። የምዝገባ ቡድኑ የሚጀምረውም ካላለቁት ሕንፃዎች ነው።